እርምጃ ቆጣሪው ሰውን ያራምዳልን?

በእጅ አንጓ ላይ እየታሰረ የሰውን እርምጃ፣ የልብ ምትና የእንቅልፍ ሰዓት የሚቆጥረው መሣሪያ በዛሬው ጊዜ በብዙ አገር ተሰራጭቷል። ሻጮቹ መሣሪያው ቁጭ ብሎ የሚውለውን ሰው አስነሥቶ ያራምደዋል ይላሉ። በአንጻሩ ደግሞ ከጌጥ የማይሻል ከንቱ ዕቃ ነው ብለው የሚጽፉ አሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከሁለቱ ወገኖች የማን ድምፅ እንደ በረታ ሳይሆን፣ የተደረጉት ጥናቶች ራሳቸው ምን እንዳሉና ምን እንዳላሉ ነው። ጥያቄያችንም አጭር ነው፤ ይኸውም እንቅስቃሴ የማያዘወትር አዋቂ ሰው ይህን መሣሪያ ቢያስር በእውነት ይንቀሳቀሳልን? ከተንቀሳቀሰስ ያንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ዓመታቱን ሁሉ የጻፍናቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ነገሩ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዓለም የጤና ድርጅት አማካይነት በ2024 ዓ.ም. በወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2022 ዓ.ም. ከዓለም አዋቂዎች 31 ከመቶ፣ ማለት 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ለጤና የሚበቃ እንቅስቃሴ አያደርግም ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. መጠኑ 26 ከመቶ ነበር። ለጤና ይበቃል የሚባለውም ብዙ አይደለም፤ ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ወይም ይህን የሚመስል ሥራ ነው። ከዚህ በታች የሚኖር ሰው ለልብ ሕመም፣ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበልጥ ይጋለጣል። እንግዲህ አንድ ዕቃ ይህን ሰው ከወንበሩ ያስነሣዋል ከተባለ ዕቃው ሊመረመር ይገባዋል፤ አያስነሣውም ከተባለም ሰውየው ገንዘቡንና ተስፋውን የሚያባክንበት ምክንያት የለም።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ እንናገር። መሣሪያውን ያሰረ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን 10,000 እርምጃ እንዲራመድ ይነገረዋል፤ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በ1964 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ውድድር በቶኪዮ ተደርጎ ነበር፤ ይኸውም አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት፣ ከድሉም በኋላ እንዳልደከመ ሰው ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹን ያስደነቀበት ውድድር ነው። የጃፓን ሕዝብ ለስፖርት የነበረው ፍላጎት በተነሣበት በዚያ ወቅት፣ በ1965 ዓ.ም. ያማሳ የተባለ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል እርምጃ ቆጣሪ ሠርቶ ማንፖ-ኬይ ብሎ ሰየመው። ቃሉ በአማርኛ ሲፈታ የእልፍ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። በእነርሱ ቋንቋም እንደ እኛው እልፍ 10,000 ከመሆኑም በላይ የብዛት ምሳሌ ነው፤ ሙሉ ነው፣ ለጆሮም ይጥማል። (በአማርኛ ደግሞ እልፍ በሉ ስንል ሂዱ፣ እለፉ ማለታችን ስለሆነ፣ ስሙ ከጃፓኖቹ ይልቅ ለእኛ የተመቸ ነበር።) ቁጥሩ የተወለደው እንዲህ በዕቃ ስም ነው እንጂ ብዙ ሺህ ሰው ለዓመታት ተከታትሎ በመረመረ ጥናት አይደለም።

እንዲህ ያለው ጥናት የመጣው በኋላ ነው። በ2019 ዓ.ም. በአሜሪካ ስለ 16,741 አረጋውያን ሴቶች የወጣው ጥናት፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የሞቱት ያነሱ መሆናቸውን አሳየ፤ ጥቅሙም 7,500 ያህል ላይ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። የሴቶቹ ዕድሜ በአማካይ 72 ዓመት ስለነበረ ውጤቱን ለወጣቱ ሁሉ ማዋል አይገባም፤ ደግሞም የታመመ ሰው ቀድሞውንም ጥቂት ስለሚራመድ፣ ጥቂት መራመዱ ገደለው ወይስ ሕመሙ አስቀመጠው የሚለውን ጥያቄ እንዲህ ያለ ጥናት ፈጽሞ ሊዘጋው አይችልም። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው። በቀን 3,000 እርምጃ ለሚራመድ ሰው 1,500 መጨመር ትልቅ ነገር ሆኖ ሳለ፣ እልፍ ያልሞላ ቀን የከሸፈ ቀን ነው የሚል መሣሪያ ማታ ማታ ሰውየውን ይከስሰዋል። የተከሰሰ ሰው ደግሞ ከሳሹን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ቢጥለው አያስገርምም።

መሣሪያው እንዴት እንደሚቆጥር ማወቅም ለፍርዱ ይረዳል። በውስጡ አክሰለሮሜትር የሚባል ጥቃቅን ክፍል አለ፤ ይህም ክንድ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዝ የፍጥነቱን ለውጥ ይመዘግባል። ከዚያም የተሰጠው የሒሳብ ስልት ውዝዋዜው እርምጃ ይመስላል ወይስ አይመስልም ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ የእጅ አንጓው መሣሪያ የሚቆጥረው እግርን ሳይሆን ክንድን ነው። ቡና የምትወቅጥ ሴት ተቀምጣ ሳለች እርምጃ ሊቆጠርላት ይችላል፤ እንስራ አዝላ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ዳገት የምትወጣዋ ግን ብዙው ሊቀርባት ይችላል። አራሹስ? እርፍ በጨበጠው እጁ ቢያስረውና ጅራፍ በያዘው እጁ ቢያስረው የቀኑ ቁጥር አንድ የሚሆን አይመስለንም።

የልብ ምቱን የሚለካው በአረንጓዴ ብርሃን ነው። ደም ይህን ብርሃን ስለሚመጥ፣ ከቆዳ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከልብ ምቱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ዓ.ም. ሰባት ዓይነት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው፣ ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 ከመቶ ባነሰ ስሕተት እንደሚለኩ አገኙ። ሰውነት ያቃጠለውን ካሎሪ በመገመት ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 ከመቶ፣ ከሁሉ የባሰው 93 ከመቶ ይሳሳት ነበር። ስሕተቱም ቆዳቸው ጠቆር ባለና ሰውነታቸው በወፈረ ሰዎች ላይ ከፍ የሚል መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ለእኛ አንባቢዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ደግሞም እንዲንቀሳቀስ በብርቱ የሚመከረው ሰው ወፍራሙ ስለሆነ፣ መሣሪያው ይበልጥ የሚሳሳተው ይበልጥ በሚፈለግበት ቦታ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ካሎሪ አቃጥለሃል የሚለውን ቃል አምኖ እራቱን የሚጨምር ሰው ሒሳቡን ከየት እንዳመጣው ያስብበት።

ይህ ሁሉ ስለ መሣሪያው ትክክለኛነት ነው። ነገር ግን ትክክለኛ ያልሆነ መለኪያም ሰውን ሊያራምድ ይችላልና ወደ ዋናው ነገር እንለፍ።

ከጥናቶቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዴና ብራቫታና ባልደረቦችዋ በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ነው። እነርሱ 26 ጥናቶችን ሰብስበው 2,767 ሰዎችን የሚመለከት ማጠቃለያ ሠሩ፤ መሣሪያውም ያን ጊዜ ወገብ ላይ የሚንጠለጠለው ተራ እርምጃ ቆጣሪ ነበር። ሰዎች በዕጣ በሁለት ወገን ተከፍለው በተመረመሩባቸው ጥናቶች፣ ቆጣሪ የያዙት ካልያዙት ይልቅ በቀን 2,491 እርምጃ በልጠው ተገኙ። ይህ ታላቅ ውጤት ነው፤ ሻጮችም ቢጠቅሱት አንፈርድባቸውም። ሆኖም ጠጋ ብለን ስንመለከተው ይህ ቁጥር የተገኘው ከስምንት ጥናቶች ሲሆን፣ በስምንቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በድምሩ 277 ብቻ ናቸው። በ26ቱ ጥናቶች ውስጥ ከነበሩትም 85 ከመቶ ሴቶች ሲሆኑ፣ የጥናቶቹ ጊዜ በአማካይ 18 ሳምንት ነበር። አዲስ ዕቃ ለ18 ሳምንት አዲስ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል ማንም ያውቃል። በእኛ አስተያየት ከ2,491 ይልቅ ትልቁ ግኝት በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኘው ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም የእርምጃ ግብ ተሰጥቷቸው የነበሩት እንቅስቃሴያቸውን ሲጨምሩ፣ ቆጣሪውን ያለ ግብ የያዙት ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳዩም። ቆጣሪው በሁለቱም ወገብ ላይ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው እንግዲህ ቆጣሪው ሳይሆን ግቡ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚጠቀሰው የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው የጆን ጃኪቺች ጥናት ነው፤ የወጣውም በዚያው መጽሔት በ2016 ዓ.ም. ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆነ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 471 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ሁሉም ለመጀመሪያው ስድስት ወር አንድ ዓይነት የምግብና የእንቅስቃሴ ምክር ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ አንደኛው ወገን እንቅስቃሴውን ራሱ እየመዘገበ ሲቀጥል፣ ሁለተኛው በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ተሰጠው። በ24ኛው ወር መሣሪያ የሌላቸው በአማካይ 5.9 ኪሎ፣ መሣሪያ ያላቸው 3.5 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ጋዜጦች ይህን ይዘው መሣሪያው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም እስከ ማለት ደረሱ።

ይህ ግን ጥናቱ ያላለውን ማስባል ነው። ማወዳደሪያ የሆነው ወገን ምንም ያልተደረገለት ወገን አልነበረም፤ ምክር ይቀበል ነበር፣ ስልክ ይደወልለት ነበር፣ ከሁሉም በላይ የሠራውን በገዛ እጁ ይመዘግብ ነበር። ደግሞም ዋናው መለኪያ ክብደት እንጂ እንቅስቃሴ አልነበረም፤ በእንቅስቃሴ በኩል በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ክብደት በእግር ብቻ ሳይሆን በአፍም የሚወሰን ነገር ነውና፣ እርምጃ ቆጣሪን በኪሎ መመዘን ሚዛን ማሳሳት ይመስለናል። የመሣሪያው ደጋፊዎች በበኩላቸው ዕቃው አሮጌ ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ሠሪውን ኩባንያ በ2013 ዓ.ም. የገዛው ጆውቦን ራሱ በ2017 ዓ.ም. ከሥራ ወጥቷል። ነገር ግን ዕቃው አሮጌ መሆኑ አንዱን ነገር አያፈርሰውም። በገዛ እጅ መመዝገብ በመሣሪያ ከመመዝገብ አላነሰም፤ ምናልባትም በልጧል። ሰው የራሱን ድካም ራሱ ሲጽፈው ያስበዋል፤ ሌላ ሲጽፍለት ግን ማሰቡን ለጸሐፊው ይተውለታል። ይህ ግምታችን ነው እንጂ የተመራማሪዎቹ ቃል አይደለም።

የሲንጋፖሩን ጥናት ጨምረን እንይ። በ2016 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን በ13 መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ 800 ሰዎችን በአራት ወገን የከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ምንም አልተሰጠውም፤ ሁለተኛው ፊትቢት የተባለውን መሣሪያ ብቻ ያዘ፤ ሦስተኛው ከመሣሪያው ጋር በእርምጃው መጠን ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ ገንዘብ ያስገኝ ነበር፤ አራተኛው ገንዘቡን ለራሱ ያገኝ ነበር። በስድስተኛው ወር ይበልጥ የተንቀሳቀሱት ለራሳቸው የሚከፈላቸው ነበሩ። ክፍያው ከቆመ በኋላ ግን፣ በዓመቱ ሲለኩ፣ ያ ብልጫ ጠፍቶ ተገኘ። በዓመቱ መጨረሻ መሣሪያውን አስረው የተገኙት ከአሥር አንድ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በክብደትም ሆነ በደም ግፊት መሻሻል አልታየም።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከማታ ጥናት በፊት ሜዳውን ሦስት ጊዜ እንድንዞር ታዝዘን ነበር፤ የሚቆጥረንም መሣሪያ ሳይሆን በረንዳ ላይ የቆመ መምህር ነበር። ስንዞር ኖርን፤ ትምህርት ቤቱን በለቀቅን ማግስት ግን ከመካከላችን ማን ሜዳ እንደ ዞረ አናውቅም። የሲንጋፖሩ ገንዘብና የእኛ መምህር አንድ ሥራ ሠርተዋል ለማለት ይቻላል።

በ2022 ዓ.ም. ከደቡብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የማጠቃለያዎች ማጠቃለያ 39 ግምገማዎችን፣ በጠቅላላው 164,000 ያህል ሰዎችን ይዞ፣ መሣሪያው በቀን 1,800 ያህል እርምጃ፣ 40 ደቂቃም የእግር ጉዞ ይጨምራል፣ ክብደትንም አንድ ኪሎ ያህል ይቀንሳል ይላል። የሰዎቹ ብዛት ያስደንቃል። ነገር ግን ሰው ፈጠን ብሎ ሲሄድ በደቂቃ 100 ያህል እርምጃ ስለሚራመድ፣ 1,800 እርምጃ 18 ደቂቃ እንጂ 40 ደቂቃ አይሆንም። ሁለቱ አማካዮች ከልዩ ልዩ ጥናቶች ተለቅመው ጎን ለጎን ስለ ተቀመጡ ነው እንዲህ የማይገጥሙት። እንዲህ ባለው ሥራ አንድ ጥናት በሁለትና በሦስት ግምገማ ውስጥ ገብቶ ደግሞ ሊቆጠር እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ጥቅም አለ የሚለውን እንቀበላለን፤ መጠኑን ግን ከዚህ ለመውሰድ አንደፍርም።

ከሁሉ ይልቅ የምናምነው በደቡብ ለንደን የተደረገውንና በ2017 ዓ.ም. የወጣውን ጥናት ነው። ምንም እንኳ ዝናው ከፒትስበርጉ ያነሰ ቢሆን፣ የእኛን ጥያቄ የጠየቀው እርሱ ነው። ሰዎቹ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 75 የሆነ፣ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉ፣ በሰፈራቸው ሐኪም ቤት መዝገብ የተገኙ 1,023 አዋቂዎች ናቸው። አንደኛው ወገን እንደ ወትሮው ኖረ፤ ሁለተኛው እርምጃ ቆጣሪ፣ መመሪያና መመዝገቢያ ደብተር በፖስታ ተላከለት፤ ሦስተኛው ይህንኑ ተቀብሎ በተጨማሪ ከነርስ ጋር ይነጋገር ነበር። ሥራው የ12 ሳምንት ነው። ቆጣሪው ከአንድ ቁልፍ በቀር የሌለው፣ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል ተራ ዕቃ ሲሆን፣ ሠሪውም ያ የእልፍ እርምጃ ስም ያወጣው የጃፓን ኩባንያ ነው። ግቡ ግን እልፍ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ቀድሞ በሚራመደው ላይ ጥቂት በጥቂት እንዲጨምር ነበር የተነገረው።

በዓመቱ ሲለኩ የፖስታዎቹ 642፣ የነርሶቹ 677 እርምጃ በየቀኑ ከማወዳደሪያው ወገን በልጠው ተገኙ። ቁጥሩ ከብራቫታ ቁጥር ሩቡ ያህል ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚንቁት ይኖራሉ። እኛ ግን የምናከብረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰዎቹ በብዛት የተመረመሩ፣ ዓመት ሙሉ የተጠበቁ ናቸውና። ከሦስት ዓመት በኋላም እንደገና ሲለኩ ብልጫው 627ና 670 ሆኖ ቆይቷል። ሲንጋፖር በገንዘብ ያገኘውን በስድስት ወር ሲያጣ፣ ለንደን በደብተር ያገኘውን ሦስት ዓመት ጠበቀ። ነርሲቱ በመጨረሻ ብዙ ያልጨመረች መሆኗም ሊታሰብበት ይገባል፤ ሰው የራሱን መነሻ ካወቀና ተከታዩ ግብ ከፊቱ ከተቀመጠለት፣ የሚቆጣጠረው ባይኖርም ይራመዳል ማለት ነውና።

የለንደኑም ጥናት እንከን አለበት። ከተጋበዙት ውስጥ እሺ ያሉት ከአሥር አንድ ያህሉ ናቸው። ዘጠኙ የት ቀሩ? ምናልባት እንቅስቃሴ በብርቱ የሚያስፈልጋቸው እነዚያ ይሆናሉ፤ ስለ እነርሱ ከለንደንም ሆነ ከሲንጋፖር የምንማረው ነገር የለም። በእንቅስቃሴ ምርመራ ላይ ከምናቀርበው ሂስ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ የሚመረመረው ዘወትር ለመነሣት አንድ እግሩን ያነሣው ሰው ነው።

ደግሞም ቆጣሪ ሳይኖራቸው የሚራመዱ ሕዝቦች አሉ። በካናዳ አገር በኦንታሪዮ የሚኖሩ፣ መኪናና ትራክተር የማይጠቀሙ የአሚሽ ማኅበር ገበሬዎች በ2004 ዓ.ም. በወጣ ጥናት እርምጃቸው ሲቆጠር ወንዶቹ በቀን በአማካይ 18,425፣ ሴቶቹ 14,196 ሆኖ ተገኘ፤ በ2010 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ጥናት የአሜሪካ አዋቂዎች አማካይ 5,117 ነበር። ገበሬዎቹን ያራመዳቸው ሥራቸው ነው፤ ቆጣሪው የመጣው ሊያያቸው ብቻ ነው። የእኛ አገር ባላገር ከዚህ የሚርቅ አይመስለንም። ችግሩ ያለው ከቤት በታክሲ ወጥቶ፣ በወንበር ውሎ፣ በታክሲ በሚመለሰው በከተማው ጸሐፊ፣ በመምህሩና በእኛው በተማሪዎቹ ዘንድ ነው። ለእነዚህም ቢሆን ከሰዓቱ በፊት መሄጃ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ መንገድ ለሰው በሚል ስም አንዳንድ መንገዶች በተወሰነ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ በተከፈቱ ጊዜ፣ ሕዝቡ ማንም ሳይቆጥርለት ወጥቶ ተራምዷል፤ ልጆችም አስፋልት ላይ ኳስ ተጫውተዋል።

ስለዚህ ከዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ይህን ጉዳይ በአገራችን ለመመርመር የሚያስብ ቢኖር፣ ውድ ሰዓት እስኪገኝ አይጠብቅ እንላለን። ወገብ ላይ የሚንጠለጠል ርካሽ ቆጣሪና ባለ መስመር ደብተር ይበቃዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቱ ቁጥሩን እንዳያይ ቆጣሪው ይታሸግ፤ መነሻው የሚታወቀው እንደዚህ ነው። ግቡ ከዚያ መነሻ ላይ ይቆጠር እንጂ ከእልፍ ወደ ኋላ አይቆጠር። እምቢ ብለው የቀሩትም ስንት እንደሆኑና ለምን እንደ ቀሩ ይጻፍ። በዓመቱም ሁሉም፣ ደብተሩን በሁለተኛው ሳምንት የተዉት ሳይቀሩ፣ ለሰባት ቀን እንደገና ቆጣሪው ታሽጎ ይለኩ።